ሥራ ያጣ ሰው ድርጎ በራያ ቆላ

በ1965 ዓ.ም. ከራያ ቆላና ከአጎራባቾቹ ወረዳዎች የተነሣው ረሀብተኛ ሕዝብ ወደ አውራ ጎዳናው ወረደ። ቆቦ ከተማ የምትገኘው በዚሁ ከደሴ ወደ መቀሌ በሚወስደው ጎዳና ላይ ነው። መንገደኛ የጫኑ አውቶቡሶች ሳይቀሩ እየቆሙ ምግብ ይለመኑ ነበር።

ስለዚያ ዘመን ሲወሳ አስቀድሞ የሚነሣው የዝናቡ መጥፋት ነው። አማርትያ ሴን የተባለው ሕንዳዊ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ግን ነገሩን በሌላ በኩል አሳይቶታል። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከወትሮው እምብዛም አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የወጣ እህል ነበር። የጠፋው መግዣው ነው። ማሽላው የከሸፈበት ገበሬ ሎሌውንና ጥገኛውን አሰናበተ፤ ሸማኔው ደንበኛ፣ የቀን ሠራተኛው ቀጣሪ አጣ። ስለዚህ ያ ረሀብ የእህል እጦት ብቻ ሳይሆን የሥራም እጦት ነበር ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ታዲያ ለተሰናበተው ሎሌ ሕጉ ምን ነበረው? ምንም። እንግሊዝ በ1911 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የብሔራዊ መድን ሕግ ሠራተኛው፣ አሠሪውና መንግሥት ከሚያዋጡት ገንዘብ፣ በአንዳንድ የሙያ ዘርፎች ሥራ ላጣ ሰው ለተወሰኑ ሳምንታት እንዲከፈል ደንግጋ ነበር። በኢትዮጵያ የ1955ቱ የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ያሰበው ለመንግሥት ሠራተኛው እርጅናና ጉዳት እንጂ ለሥራ አጡ አልነበረም።

ለተቀጣሪ ሠራተኛ ቅርቡ ነገር የሥራ ስንብት ክፍያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለተጨማሪው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚሁ ሢሶ ይታሰባል፤ ጠቅላላውም ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ነገር ግን ይህ አንድ ጊዜ ከአሠሪው ኪስ የሚወጣ ነው። በቆቦ ሜዳ ማሽላ የሚያርም የቀን ሙያተኛም ከዳኛ ፊት የሚያቀርበው የቅጥር ወረቀት የለውም።

ለእንዲህ ያለው ሰው መንግሥት የዘረጋው ቋሚነት ያለው ድጋፍ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። ራያ ቆቦም ከታቀፉት ወረዳዎች አንዱ ሆነ። ከዚያ በፊት እርዳታው በየዓመቱ ልመና የሚጠየቅ ስለ ነበር፣ መቼና ስንት እንደሚደርስ ማንም አስቀድሞ አያውቅም ነበር። ለአዲሱ መርሐ ግብር ብቁ ለመሆን ቤተሰቡ የቀበሌው ነዋሪ መሆን፣ ባለፉት ተከታታይ ዓመታትም በየዓመቱ ለወራት የምግብ እጥረት የደረሰበት መሆን ነበረበት። ስሙን የሚመርጠው የአካባቢው ሕዝብና የቀበሌው ግብረ ኃይል ነው፤ የተዘለለ ሰውም ለቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ያመለክታል። ጎረቤት የጎረቤቱን ድኽነት ሲመዝን ይሉኝታና ዝምድና አይገቡም ማለት ግን የዋህነት ነው።

ክፍያው በቤተሰብ አባል ቁጥር ይሰላል፤ ለአንድ ሰው በወር 5 የሥራ ቀን፣ በዓመት ለ6 ወር። በመጀመሪያው ዓመት የቀኑ ዋጋ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ስለዚህ አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በወር 25 ቀን እርከን ሠርቶ፣ መንገድ ጠርጎ 150 ብር ይቀበል ነበር። መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ያለ ሥራ ይሰጣቸዋል። እንግሊዛዊው ሥራ በማጣቱ ሲከፈለው፣ የቆቦው ሰው የሚከፈለው በመሥራቱ ነው፤ የሚጠየቀውም ያጣውን ደመወዝ ሳይሆን የተራበበትን ወር ነው።

ይህ ልዩነት በ2006 ዓ.ም. ጎልቶ ታየ። በዚያ ዓመት ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተባረሩ፤ የራያ ቆቦ ወጣቶችም በባሕርና በበረሃ ከሄዱት መካከል ነበሩ። ሥራቸውን ያጡት በአንድ ቀን ነበር። መሬት የሌለው ተመላሽ በአባቱ ቤት ስም ሊቆጠር ይችላል፤ በጅዳ የቀረው ደመወዙ ግን በቀበሌው ዝርዝር ውስጥ የሚጻፍበት ዓምድ አልነበረውም። የቀሩት ዘመዱ፣ ቅሬውና በሰሊጥ አጨዳ ወራት ወደ መተማ የሚያደርሰው የጭነት መኪና ነበሩ።