የሕይወት ውኃ በጣና ዳር

በባሕር ዳር የሐምሌ ጠዋት ጣና አይታይም። ጉምና ዝናብ ሐይቁን ከሰማይ ጋር አንድ ያደርጉታል፤ የዘንባባው ጎዳና ጭር ይላል፤ መንገደኛው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ግድግዳ ግድግዳውን ይሄዳል። በእንዲህ ያለው ጠዋት ከገበያው ጀርባ ወዳሉት ዝቅተኛ ቤቶች ጎንበስ ብሎ የሚገባ ሰው ብዙ አይናገርም። «ብርድ ማባረሪያ» ይላል፤ መለኪያው ይቀዳለታል። እኔም ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ሆኜ አውቃለሁ። ስለዚህም ነው የዚህችን ብርጭቆ ታሪክ መጠየቅ የወደድሁት።

ከስሙ ልጀምር። አረቄ የሚለው ቃል የመጣው ከዐረብኛው «ዐረቅ» ነው፤ ትርጉሙም ላብ ማለት ነው። ድፍድፉ እሳት ላይ ሲፈላ የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ሲል ያየ ሰው ይህን ስም ለምን እንደመረጠ መገመት አያዳግትም። ዊስኪ ግን ኩሩ ስም አለው። ቃሉ ከስኮትላንድና ከአየርላንድ ጥንታዊ ቋንቋ የተወረሰ ሲሆን ትርጉሙ «የሕይወት ውኃ» ነው። ሆኖም ስለዚህ የሕይወት ውኃ ከተጻፉት ቀደምት መዛግብት አንዱ፣ በ1405 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው የአየርላንድ ዜና መዋዕል፣ የሚያወሳው ሞትን ነው፦ አንድ የጎሣ አለቃ በገና ሰሞን ከመጠን በላይ ጠጥቶ ሞተ ይላል። የስኮትላንድ ቤተ መንግሥት የሒሳብ መዝገብ ደግሞ በ1494 እ.ኤ.አ. ጆን ኮር ለተባለ መነኩሴ ይህንኑ መጠጥ እንዲያወጣ ብቅል እንደተሰጠው ይመሰክራል።

መነኩሴና መጠጥ በጣናም ዳር አይራራቁም። የዘጌ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ የገዳሙ መሥራች አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ከሦስት ሰብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ። በዘጌ ባላገሩ በሬ ጠምዶ እንዳያርስ በትውፊት ስለተከለከለ፣ ኑሮው በእነዚህ ተክሎች ላይ ተመሠረተ። ትውፊቱን ሳስበው ሁልጊዜ የሚደንቀኝ አንድ ነገር አለ። የሚያሰክረው ጌሾና የሚያነቃው ቡና ከአንድ በትር ወጡ። ያውም ቡና ራሱ እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ድረስ በብዙ ካህናት ዘንድ የተነቀፈ ነበር።

ጌሾው ካለ ቀሪው የእህሉ ነገር ነው። በሜጫና በአቸፈር፣ በጣና ደቡብና ምዕራብ ባለው ምድር፣ ዳጉሳ በሰፊው ይዘራል። አረቄ አውጪዋ የጌሾ ዱቄትና ብቅል በውኃ ትዘፈዝፋለች፤ የዳጉሳ ቂጣ ጋግራ፣ ቆራርሳ ትጨምርበታለች፤ ድፍድፉ ሲደርስ በሸክላ አድርጋ እሳት ላይ ትጥደዋለች። አፉን በጭቃ ትመርገዋለች፤ እንፋሎቱ በሸምበቆ አልፎ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ይጠራቀማል። አንድ ጊዜ የወጣው ተራ አረቄ ይባላል፤ ዳግመኛ የወጣው ዳግም፤ የዳግሙ ኃይል ብዙውን ጊዜ 45 በመቶ ገደማ ይደርሳል። የስኮትላንዱ ብልሃትም በመሠረቱ ከዚህ አይለይም፦ ብቅል፣ እሳት፣ ቀዝቃዛ ውኃ።

አንድ ስኮትላንዳዊ እዚሁ አገር ድረስ መጥቷል። ጄምስ ብሩስ ኅዳር 4 ቀን 1770 እ.ኤ.አ. ሰከላ ውስጥ ግሽ ዓባይ ደረሰ። ጣና የሚገባው የግልገል ዓባይ ምንጭ ማለት ነው። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ. እንደቀደመው ሊያምን ባይወድም፣ ደስታው ወሰን አልነበረውም። በኮኮናት ቅል ከምንጩ ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ ሣልሳዊ ጤና ጠጣ። አገሩ «የሕይወት ውኃ» ብሎ ዊስኪ የሚጠምቅ ሰው፣ በሕይወቱ ታላቅ ቀን የጠጣው ንጹሕ ውኃ ነበር። የግሽ ሰው ያንኑ ውኃ እስከ ዛሬ ጸበል ብሎ በባዶ ሆዱ ይጠጣዋል።

ይህን ሁሉ የምተርከው አንዲት ጎረቤታችንን ለማስታወስ ነው። እትዬ እንላቸው ነበር። ባላቸው ከሞቱ በኋላ አረቄ እያወጡ ሁለት ልጆች አስተማሩ። ጭሱ ዓይናቸውን አቅልቶት ነበር፤ ከሚያወጡት ግን ሲቀምሱ አይቼ አላውቅም። ከደንበኞቻቸው አንዱ አናጢ ነበር፤ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ሚስማር መምታት የሚችለው ከመጀመሪያው መለኪያ በኋላ ነው ይባል ነበር። በአንድ የነሐሴ ምሽት ሦስተኛውን ከለከሉት። «ልጄ፣ ይልቅ ቡና ልስጥህ» አሉት። ተቆጥቶ ወጣ፤ ሌላ ቤት ገባ። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት ከቦዩ ዳር ተኝቶ ተገኘ፤ ሞቷል። ኮቱን አውልቆ አጠገቡ አስቀምጦ ነበር።

ያ ኮት ለብዙ ዓመታት እንቆቅልሽ ሆኖብኝ ኖረ። መልሱን ያገኘሁት ቆይቼ ነው። አልኮል ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ ደሙ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሰውየው ሞቀኝ ይላል። ሙቀቱ ግን ከውስጡ ተነሥቶ ወደ ውጭ የሚሸሽ ነው፤ ሆዱ እየቀዘቀዘ ፊቱ ይግላል። ብርድ ማባረሪያ ያልነው በራችንን ለብርዱ ይከፍትለታል።

እትዬ ከዚያ ቀን በኋላም አረቄ ማውጣት አልተዉም፤ የልጆቹን ደብተር የሚገዛ ሌላ አልነበረምና። ነገር ግን የክረምት ምሽት ሲሆን ከምድጃቸው ጥግ ጀበና አይጠፋም ነበር። ለመሸበትና ለደከመው ደንበኛ ከመሄዱ በፊት አንድ ስኒ ቡና ይቀዱለታል፤ ሒሳብ አይቀበሉም። እኔም ዛሬ ጣና በጉም ሲሸፈን መለኪያዋን አልጠላትም፤ ታሪኳን አውቄ እጠጣታለሁ። ሁለተኛዋ ስትመጣ ግን ያ ኮት ትዝ ይለኛል፤ ቡና እንዲቀዳልኝም እጠይቃለሁ።