«በሽተኛው አላማረኝም»፦ ከድሬሰር እስከ ጤና ኤክስቴንሽን

ስለ ጎንደር ኮሌጃችን ታሪክ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የሐኪሞቹ ስም ነው። ሲጀመር ግን እንዲያ አልነበረም። የሕዝብ ጤና ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት ያሠለጥን የነበረው ጤና መኮንኖችን፣ ኮሚዩኒቲ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ነው። ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት በደምቢያ የገባው ወባ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨርሶ ነበርና ሐኪም እስኪበዛ መጠበቅ አልተቻለም። በጎንደር የሕክምና ትምህርት የተጀመረው በ1978 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንግዲህ እኛ ሐኪሞቹ ለቤቱ የኋላ መጤዎች ነን። ዛሬ የምጽፈው ከእኛ በፊት በሽተኛውን ስላዩት፣ አሁንም ከእኛ ቀድመው ስለሚያዩት ባለሙያዎች ነው።

በዕድሜ የገፉ አባሎቻችን ድሬሰርን በደንብ ያስታውሱታል። ሆስፒታል ውስጥ ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋትና መድኃኒት ማደል ተምሮ ወደ ገጠር ክሊኒክ የሚላክ ሰው ነበር። አገሬው «ሐኪም» ይለዋል፤ በአካባቢው ሌላ ስለሌለም ስሙ አልበዛበትም። ላቦራቶሪ የለ፣ ራጅ የለ። ያለው ዓይኑና እጁ፣ ቢበዛ የእጅ ሰዓቱ ነው። የልጁ ዓይን ጎድጉዷል? የሆዱ ቆዳ ሲቆነጠጥ ቶሎ ይመለሳል? የነፍሰ ጡሯ የዓይን ሽፋን ውስጡ ነጥቷል? የበሽተኛው አንገት አልታጠፍ ብሏል? ከዚያ የሚቀረው አንድ ጥያቄ ነው፦ እዚሁ ይታከም ወይስ ዛሬውኑ በቃሬዛ ይሂድ? በኋላ ጤና ረዳቶችም ይህንኑ ሥራ ወረሱ።

በሌላውም ዓለም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1859 ባሳተመችው መጽሐፍ በሽተኛን ስለማስተዋል ራሱን የቻለ ምዕራፍ ጽፋለች። የላይፕሲጉ ካርል ቩንደርሊክ በ1868 ትኩሳትን እየለኩ መመዝገብ ምን እንደሚጠቅም የሚያስረዳ መጽሐፍ አወጣ። ሩሲያዊው ኒኮላይ ኮሮትኮቭ ደግሞ በ1905 ክንድ ላይ በማዳመጫ የደም ግፊት የሚለካበትን ዘዴ አሳወቀ። ቴርሞሜትሩም ሆነ የግፊት መለኪያው መጀመሪያ በሐኪም እጅ ነበሩ፤ ውለው አድረው ግን ወደ ነርሷ እጅ ገቡ። ሌሊቱን ከአልጋው አጠገብ የምታድረው እሷ ናትና።

ለእኛ ዓይነት አገር የበለጠ የጠቀመው ግን ከሰዓት በቀር መሣሪያ የማይፈልገው ነው፦ ትንፋሽ መቁጠር። በ1980ዎቹ ፍራንክ ሻን የተባለ ሐኪም በፓፑዋ ኒው ጊኒ ባደረገው ጥናት፣ ሳል የያዘው ሕፃን የሳንባ ምች እንዳለበት ያለ ራጅ፣ በትንፋሹ ፍጥነትና በደረቱ መሰርጎድ መለየት እንደሚቻል አሳየ። ከዚህ ዓይነት ሥራ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መጣ። ከ2 ወር በታች በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 ከሆነ ትንፋሹ ፈጣን ነው። ልጁ ጸጥ ሲል፣ ደቂቃው ሳይሸራረፍ ይቆጠራል። ጡት ወይም ውሃ እምቢ ማለት፣ የወሰደውን ሁሉ ማስመለስ፣ ማንቀጥቀጥ፣ መፍዘዝ ወይም ራስን መሳት ደግሞ የአደጋ ምልክቶች ናቸው፤ አንዱ ብቻ ቢገኝ ልጁ ወደ ከፍተኛ ሕክምና ይላካል። የአንድ ዓመት ሥልጠና ወስደው በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ይህን በየቀኑ ይሠራሉ። የድሬሰሩ ዓይን ነው፤ ቁጥር ተጨመረለት እንጂ።

ወደ ሆስፒታል ስንገባ ችግሩ መልኩን ይቀይራል። በ1990 በማያሚ የታተመ ጥናት ዋርድ ውስጥ ልባቸው የቆመ 64 በሽተኞችን መርምሮ ነበር። ከመቶ 84ቱ ልባቸው ከመቆሙ በፊት ባሉት 8 ሰዓታት ውስጥ ሁኔታቸው እየተበላሸ መሄዱ ቻርታቸው ላይ ተጽፎ ተገኘ። ታይቷል፣ ተጽፏል፤ የተነሳ ሰው ግን የለም ማለት ነው። በዚያው ዓመት በሲድኒ የሚገኘው ሊቨርፑል ሆስፒታል የድንገተኛ ጥሪ ቡድን ሲያቋቁም ከልብ ምትና ከግፊት ቁጥሮች ጎን አንድ መስፈርት ጨመረ፦ ነርሷ በጣም ከሰጋች መጥራት ትችላለች። ሲስተሮቻችን ድሮም «ይሄ በሽተኛ አላማረኝም» የሚሉት እሱን ነው።

ይህ አባባል ባዶ ስሜት አይደለም። የወለደች ወጣት እናት ደም እየፈሰሳት ግፊቷ ለረጅም ጊዜ ደህና ሊመስል ይችላል። ቀድሞ የሚለወጠው የልብ ምቷና ትንፋሿ ነው፤ እጇ ይቀዘቅዛል፣ ትቁነጠነጣለች። ግፊቷ ሲወርድ ብዙ ደም ፈሷል። ነርሷ ያላማራት ያንን መቁነጥነጥ አይታ ሊሆን ይችላል፤ በስልክ «ግፊቷ ስንት ነው?» ብቻ ብሎ የሚዘጋ ሐኪም ግን አያየውም።

ውድ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ብዙዎቻችን ዛሬ ዋርድ የምንመራ፣ ኢንተርን የምናሠለጥን ነን። ትንፋሽ በሁሉም ቻርት ላይ «20» ተብሎ ሲጻፍ እየተቆጠረ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ሰዓት ያለው ግድግዳና የሚበቃ የሰው ኃይል መጠየቅ የእኛ ፋንታ ነው። ራውንድ ላይ ከሬዚደንቱ በፊት ያደረችውን ሲስተር እንጠይቅ። በዲዩቲ ሌሊት «አላማረኝም» ብላ የምትደውል ነርስ እንዳትቆጣ ለኢንተርኖቻችን እናስተምር፤ አንዴ የተቆጣናት ሁለተኛ አትደውልምና።

መልካም የመገናኛ በዓል ይሁንልን።