ከሥዕሉ የተለየ ጽሑፍ፦ የፍላሽ ሠሪዎች መሣሪያና የሥራ ሥርዓት

የተንቀሳቃሽ ሥዕል መሥሪያ ሶፍትዌር የሆነው ፍላሽ የተወለደው ለፕሮግራም ጸሓፊ ሳይሆን ለሠዓሊ ነው። ጆናታን ጌይና ባልንጀሮቹ በካሊፎርኒያ፣ በሳን ዲዬጎ ከተማ፣ ፊውቸርዌቭ በሚባለው ትንሽ ድርጅታቸው መጀመሪያ በብዕር ለሚታዘዝ ኮምፒዩተር የሥዕል ሶፍትዌር ሠርተው፣ ያ ዓይነቱ ኮምፒዩተር ገበያ ባጣ ጊዜ ሥዕሉን ወደ ማንቀሳቀስ ተሸጋግረው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ፊውቸርስፕላሽ አኒሜተር የተባለውን አወጡ፤ ማክሮሚዲያ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያም ወዲያው ገዝቶ ፍላሽ ብሎ ሰየመው። በኋላ ዘመን በሙያው ውስጥ የታየው ችግርም ሆነ ብልሃት በአብዛኛው ከዚህ አወላለዱ የመነጨ ነው፤ መሣሪያው ሥዕልን በጊዜ መስመር ላይ፣ ፍሬም ከፍሬም እያስከተለ እንዲደረድር የተሠራ ስለ ነበረ፣ ትእዛዝ መጻፍ በመጣ ጊዜ የራሱ ማደሪያ አልተዘጋጀለትምና።

በ1999 በወጣው በአራተኛው ፍላሽ ሠራተኛው ትእዛዙን የሚያቀናብረው ከዝርዝር ውስጥ በማውዝ እየመረጠ ነበር። በ2000 አምስተኛው ሲወጣ አክሽንስክሪፕት የሚል ስም ያለው፣ በሥርዓተ ጽሑፉ የጃቫስክሪፕት ዘመድ የሆነ ቋንቋ ተሰጠው፤ ነገር ግን ኮዱ አሁንም አንዱ በቁልፍ ላይ፣ ሌላው በአሥረኛው ፍሬም ላይ፣ ሦስተኛው በሌላ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ውስጥ በታቀፈ ሥዕል ላይ ተበታትኖ ይቀመጥ ስለ ነበር፣ የሌላ ሰው ሥራ የተረከበ ሰው አንዲት ስሕተት ለማረም እያንዳንዱን ሥዕል ከፍቶ መመርመር ግድ ይሆንበት ነበር። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ሕግ ሳይወጣላቸው ትውፊት አበጁ፦ በጊዜ መስመሩ ላይ ካሉት ንብርብሮች፣ ማለትም ሌየሮች፣ ሁሉ በላይ «አክሽንስ» የሚባል አንድ ሌየር ይከፈታል፤ ሥዕል እንዳይገባበት ይቆለፋል፤ ኮዱም በተቻለ መጠን በመጀመሪያው ፍሬም ላይ ይሰበሰባል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በእኔ ፍርድ ግን የሙያው እውነተኛ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህች ሌየር ነው፤ ጽሑፍ ከሥዕል ሊለይ እንደሚገባው ያኔ ታውቋልና።

የበለጠው ዕንቅፋት ፋይሉ ራሱ ነበር። ኤፍኤልኤ የሚባለው የሥራ ፋይል በጽሑፍ አራሚ ተከፍቶ የማይነበብ ዝግ ፋይል ስለ ነበር፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢሠሩበት የአንዱን ለውጥ ከሌላው ጋር ማዋሐድ አይቻልም ነበር። በ2003 አክሽንስክሪፕት ሁለት ሲመጣ ክላስ የሚባለው የኮድ ክፍል በተለየ ተራ የጽሑፍ ፋይል እንዲጻፍ ግድ አደረገ፤ በሩ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። በፈረንሳይ፣ በቦርዶ፣ ሞሽን ትዊን በሚባለው የጨዋታ ቤት የነበረው ኒኮላ ካናስ ኤምታስክ የተባለውን ኮምፓይለር፣ ማለትም የተጻፈውን ኮድ ፍላሽ ሊያስኬደው ወደሚችል ቅርጽ የሚለውጥ ፕሮግራም፣ በኦካምል ቋንቋ ጽፎ በነፃ ሰጠ። ኤምታስክ ከማክሮሚዲያው ይልቅ እጅግ ፈጣን ከመሆኑም በላይ፣ ያኛው አይቶ እንዳላየ የሚያልፈውን የዓይነት ስሕተት ይገሥጽ ነበር፤ ሠዓሊው ሠርቶ ባወጣው ፋይል ውስጥም፣ ሥዕሉን ሳይነካ፣ ኮዱን ብቻ ያስገባ ነበር። በጥንቱ የብራና ሥራ ጸሓፊው ቃሉን ሲጽፍ ለሠዓሊው ገጽ ይተውለት እንደ ነበረ፣ እዚህም ሁለቱ አንዱ የሌላውን እጅ ሳይጠብቅ እየሠሩ በመጨረሻ በአንድ ሥራ ላይ ይገናኙ ጀመር። ፍላሽዴቨሎፕ የተባለው በዊንዶውስ ላይ የሚሠራ ነፃ አራሚ ደግሞ ኤምታስክን በውስጡ አቅፎ፣ ቃል ሲጀመር የሚፈጽምና ስሕተቱ ያለበትን መስመር የሚያሳይ የተሟላ የሥራ ገበታ ሆነ።

ከስሕተት ፍለጋው ብልሃት አንዱን በቅርብ ማየት ይገባል። ትሬስ የምትባለው ትእዛዝ የተጠየቀችውን ዋጋ በውጤት መስኮት ላይ ታትም ነበር፤ ነገር ግን ሥራው በኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ ሲከፈት ያ መስኮት አልነበረም። ስለዚህ አዋቂው ለስሕተት ማረሚያ የተዘጋጀውን የፍላሽ ማጫወቻ ይጭን ነበር፤ ኤምኤም ነጥብ ሲኤፍጂ በምትባል አነስተኛ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ የመዝገብ ፈቃድ የሚሰጡ ጥቂት መስመሮችን ይጽፍ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ትሬስ የተናገረችው ሁሉ ፍላሽሎግ በሚባል ፋይል ይከማችለት ነበር። ይህን የማያውቅ በጨለማ ሲዳስስ፣ የሚያውቅ መዝገቡን እያነበበ ወደ ስሕተቱ ይሄድ ነበር።

አዶቤ የተባለው ኩባንያ ማክሮሚዲያን ከጠቀለለ በኋላ፣ በ2006፣ አክሽንስክሪፕት ሦስት ከአዲስ ማስኬጃ ጋር መጣ፤ ፍሌክስ የተባለው የኩባንያው መሣሪያ ኮምፓይለርም በነፃ ስለ ተሰጠ፣ ሰው የፍላሽን ሶፍትዌር ራሱን ሳይገዛ የፍላሽ ሥራ መሥራት ተቻለው። ኩባንያው የሥራ ፋይሉን ኤክስኤፍኤል በሚባል፣ ሊነበብ በሚችል ቅርጽ የከፈተው ግን በ2010 ነው፤ ስቲቭ ጆብስ አፕል ፍላሽን በአይፎን ላይ የማይቀበልበትን ምክንያት ጽፎ ያወጣውም በዚያው ዓመት ነው። መዘግየቱ ያሳዝናል፤ የፋይሉ ዝግነት ለዓመታት ያባከነው የሰው ድካም ቀላል አይደለምና።

አዶቤ ለፍላሽ ማጫወቻ የሚሰጠውን ድጋፍ በ2020 ዲሴምበር 31 ቀን ባቆመ ጊዜ የሁሉም ዕጣ አንድ አልነበረም። ኮዱን በፍሬም ላይ በትኖ የነበረው ሥራውን ከዝግ ፋይል ውስጥ መልቀም ነበረበት፤ ኮዱን በተራ ጽሑፍ ለይቶ ያኖረው ግን ወደ ሌላ ቋንቋ ለመመለስ መንገዱ ቀለለው። ካናስ ራሱ ከ2005 ጀምሮ ለአክሽንስክሪፕት ቅርብ የሆነውን፣ ለፍላሽም ለሌላም ማስኬጃ የሚተረጎመውን ሃክስ የተባለ ቋንቋ ሲያበጅ ቆይቶ ነበር፤ ሞሽን ትዊንም በ2018 ያወጣውን ዴድ ሴልስ የተባለውን ጨዋታ የጻፈው በዚሁ በሃክስ ነው።