ፀሐይን ያቆየው እጅ

ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ጣሊያን «ፀሐይ» የተባለችውን አውሮፕላን ለኢትዮጵያ በይፋ ስታስረክብ ብዙዎቻችሁ ምስሏን በስልካችሁ ተቀባብላችኋል። ደስታው የሚገባ ነበር። በዚያ ሰሞን ግን አንድ ጥያቄ ሲነሣ እምብዛም አልሰማሁም፦ ይህች ትንሽ አውሮፕላን 88 ዓመት ሙሉ ሳትፈርስ እንዴት ቆየች?

ጀርመናዊው መሐንዲስና አብራሪ ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር አዲስ አበባ ላይ ሠራት፤ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በረረች። ባለ ሁለት መቀመጫ ናት፤ የሞተሯ ጉልበት 115 የፈረስ ጉልበት ነበር። «ኢትዮጵያ 1» የሚል መለያ ቢሰጣትም የምትታወቀው በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም ነው። ወራት ሳይቆይ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ አውሮፕላኗንም ወሰዳት። ከሮም ብዙም በማይርቀው በብራቻኖ ሐይቅ ዳር፣ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚባለው ስፍራ ባለው የጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም ውስጥ ለብዙ ዓመታት ለተመልካች ቆማ ኖረች።

ዘረፋን በሌላ ስም አልጠራውም። የተዘረፈ ዕቃ በክብር ቢቀመጥም የተዘረፈ ነው። ይሁን እንጂ አቧራዋን የጠረገላት፣ ዝገቷን የተከታተለላት፣ ከመመለሷም በፊት ያደሳት እጅ የእኛ አልነበረም። ይህ እውነት ትንሽ ይቆረቁራል፤ ይቆርቁረን።

አሮጌ አውሮፕላን መጠበቅ ምን ዓይነት ሥራ እንደ ሆነ ብታውቁ ነገሩ የበለጠ ይገባችኋል። በእንግሊዝ አገር ብሩክላንድስ በሚባል ሙዚየም «ዌሊንግተን» የተባለ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1940 መጨረሻ ስኮትላንድ ውስጥ ሎክ ኔስ በተባለው ሐይቅ ላይ ወደቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ከውኃ ወጣ። ቅርጹን መልሰው ያስያዙት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። እንዲህ ባሉ ሙዚየሞች በጡረታ ላይ ያሉ መካኒኮችና ሽማግሌዎች በጨርቅ ብረት ሲወለውሉ ይውላሉ። ደመወዝ የላቸውም።

መወልወሉ ራሱ ጥበብ ይጠይቃል። በዚያ ዘመን ቀለም ሳይቀባ የሚበር አውሮፕላን ገላው ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ ነው። ቅይጡ ጠንካራ ቢሆንም ቶሎ ይበላል። ስለዚህ ስስ የንጹሕ አሉሚኒየም ሽፋን ይለብሳል። እናንተ ለማሳመር ብላችሁ አጥብቃችሁ በፈተጋችሁ ቁጥር ያ ስስ ሽፋን እየተገፈፈ ይሄዳል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚያብረቀርቅ ግን ገላው የተራቆተ አውሮፕላን ይኖራችኋል። ጎበዝ ጠባቂ የሚታወቀው መቼ ማቆም እንዳለበት በማወቁ ነው። አሮጌውን ቀለም ልጦ አዲስ መቀባትም እንደዚያው ነው፦ ዕቃው ያምራል፣ ምስክርነቱ ይጠፋል። (የአጥቢያ ኮሚቴዎቻችን የድሮ ጸሎት ቤት ባደሱ ቁጥር ይህን ቢያስቡልን እንዴት ጥሩ ነበር!)

ይህን የምጽፍላችሁ ከሆለታ ነው፤ የፀሐይና የሆለታ ታሪክ የአንድ ሰሞን ታሪክ ነውና። ፀሐይ ከመብረሯ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በጥር 1927 ዓ.ም.፣ የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት ተከፈተ። አለቃቸው ቪኪንግ ታም ይባል ነበር። ተማሪዎቹ በእናንተ ዕድሜ የነበሩ ልጆች ናቸው። ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰባቸው። ንጉሡ ከተሰደዱ በኋላ ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ ተሻግረው ከጥቁር አንበሳ ጋር ተሰለፉ።

በሰኔ 1928 ዓ.ም. ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች ነቀምት አጠገብ ቦነያ ላይ አረፉ። ጥቁር አንበሶች፣ ከእነርሱም ጋር የሆለታ ልጆች፣ በሌሊት ደርሰው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ ጄኔራል ማሊዮኮና ጓደኞቹ ተገደሉ። ከመካከላቸው የተረፈው ቦሬሎ የተባለ የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ነው። ሰው የሞተበት ታሪክ ስለ ሆነ በጭብጨባ ብቻ እንድትሰሙት አልፈልግም። በኋላም ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ተይዘው ከየካቲት 12ቱ እልቂት ጋር ተያይዞ ተረሸኑ።

እንግዲህ አስተያዩት። ጠላት ከእኛ የወሰዳት አንዲት አውሮፕላን ተጠብቃ ቆየች፤ የእኛ ልጆች ያቃጠሏቸው ሦስቱ አመድ ሆኑ፤ ልጆቹም ራሳቸው ሞቱ። ፀሐይን ሄዶ ማየት ይቻላል። የሆለታ ልጆች የቀሩልን ግን በወረቀት፣ በፎቶግራፍና በሰው ትዝታ ነው፤ ያንን ደግሞ ጨርቅ ይዞ የሚወለውልልን ሙዚየም የለም።

አንዳንዶቻችሁ «እኛ ወንጌላውያን ከዕቃ ጋር ምን አገናኘን?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ከንቱ አይደለም። ሙሴ የሠራውን የናስ እባብ ሕዝቡ ማጠን በጀመረ ጊዜ ንጉሥ ሕዝቅያስ ሰባበረው፤ መልካምም አደረገ። ነገር ግን ያው መጽሐፍ ቅዱስ ኢያሱ ከዮርዳኖስ መካከል 12 ድንጋዮች አስወጥቶ በጌልገላ እንዳቆመም ይነግረናል፤ ልጆች አይተው እንዲጠይቁ፣ አባቶችም እንዲመልሱ። እባቡ የተሰበረው ስለ ተሰገደለት ነው፤ ድንጋዮቹ የቆሙት ጥያቄ ስለሚያስነሡ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የእኛ ችግር ስግደት አይደለም፤ ድንጋዮቹን ለግንብ ሥራ ማዋላችን ነው። በደርግ ዘመን በእጅ ተገልብጠው በየቤቱ በድብቅ የተዘመረባቸው ደብተሮች ስንቶቹ ዛሬ አሉ? የዚያ ዘመን ስብከት የተቀዳባቸው ካሴቶችስ? ብዙ ቦታ ቁም ሣጥን ሲጸዳ አብረው ተጠርገዋል።

እንግዲህ የወጣት ኅብረታችሁ አውሮፕላን ባይኖረውም ሥራ አለው። ከወላጆቻችሁና ከአጥቢያችሁ ሽማግሌዎች ዘንድ ሂዱና አሮጌ ፎቶግራፍ፣ ደብተር፣ ካሴት እንዳላቸው በትሕትና ጠይቁ። እንዲሰጧችሁ ሳይሆን እንዲያሳዩአችሁ። ፎቶግራፍ በጠርዙ ይያዛል፤ የጣት ቅባት ምስሉን ይበላዋል። በፕላስቲክ አታሽጉት፤ በሙቀት ከተጣበቀ በኋላ ማላቀቅ አይቻልም። በስልካችሁ አንሡትና ዋናውን ለባለቤቱ መልሱ። ካሴት ደግሞ ከሻጋታና ከፀሐይ ይራቅ፤ ክሩ ከተጣበቀ አታስገድዱት፣ የሚያውቅ ሰው ይየው። በፎቶው ላይ የቆሙትን ሰዎች ስም ጠይቁና በጀርባው በስሱ ጻፉ፤ በእርሳስ፣ በእስክሪብቶ አይደለም፤ የእስክሪብቶ ቀለም ከጊዜ በኋላ ወደ ፊት ለፊቱ ዘልቆ ይወጣል።