ሌባ ሻይ እና የነቀምቴው ሊስትሮ

ሌባ ሻይ የሚባለው የድሮ የሌባ መፈለጊያ ዘዴ ቀርቷል ሲሉኝ አላምንም። በመንግሥት ተከልክሏል፣ መድኃኒቱን የሚቀምሙት ሞተዋል፣ የዛሬ ወጣት ስሙንም አልሰማም፤ ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን ነቀምቴ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ መድኃኒትና ያለ ሹመት ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጊዜው ጥቅምት 2004 ዓ.ም. ነው። የእህቴ ልጅ ከሚኒሶታ መጥታ አኖ ከተማ እኔ ዘንድ ሰንብታለች። "ኤሱማ (አጎቴ)፣ ስለ ነቀምቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ስታወራልኝ ነው የኖርከው፤ እስቲ አሳየኝ" አለችኝ። ከአንድ ወዳጄ ኮሮላ ተውሼ በማለዳ ተነሣን። በቆሎው እየደረቀ ነው፤ ከአኖ እስከ ሲሬ መንገዱ ግራና ቀኝ ወርቃማ ነበር።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ ኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ነው። የወራ በከሬን፣ ማለትም የበከሬን ቤት፣ ታሪክ የማስተምረው በጥቁር ሰሌዳ ስለነበር፣ እዚያ ግቢ ስገባ ሁልጊዜ ድምፄ ከፍ ይላል። በከሬ ጎዳና የለቃ ነቀምቴን ግዛት መሠረተ። ልጁ ሞረዳ በ1874 ዓ.ም. አካባቢ የምኒልክ የጦር አዛዥ የራስ ጎበና ጦር ሲመጣ ከመዋጋት መግባባትን መረጠ፤ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ለምኒልክ እየገበረ የውስጥ አስተዳደሩን ይዞ ቆየ። የሞረዳ ልጅ ኩምሳ ክርስትና ሲነሣ ገብረ እግዚአብሔር ተባለ፣ ደጃዝማችም ሆነ፤ ከእሱ በኋላ ልጁ ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ተተካ። ቤተሰቡ አብዮቱ መጥቶ ግቢው እስኪወረስ ድረስ እዚያው ኖሯል። የዚያ ቤት ሰዎች የጻፏቸውና የተጻፉላቸው የአማርኛ ደብዳቤዎች ብዙ ናቸው፤ ተሰማ ታአ እና አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ሰብስበው በመጽሐፍ ስላሳተሟቸው ማንም ገልጦ ሊያነባቸው ይችላል።

ከዚያ የከተማዋን ሙዚየም አየን። ከሰዓት በኋላ ቀሪው ዕቅዳችን የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ኦኔሲሞስ ነሲብ የኖረበትንና ያስተማረበትን አካባቢ ማየት፣ ጊዜ ከተረፈም ወደ ቦናያ መውረድ ነበር። ቦናያ በሰኔ 1928 ዓ.ም. የጥቁር አንበሳ አርበኞች ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች ያቃጠሉበትና ጄኔራል ማሊዮኮን የገደሉበት ሜዳ ነው። በመካከሉ ምሳ ለመብላት መኪናውን ከገበያው መንገድ ዳር አቆምኩ።

ስንመለስ የኋላው ትንሿ መስታወት ተሰብራለች። የልጅቱ ቦርሳና ካሜራ የለም። የቀኙ ስፖኪዮም ተነቅሏል፤ ሽቦው ብቻ ተንጠልጥሏል።

ሰው ወዲያው ተሰበሰበ። አንዱ "አሁን እዚህ ሲያንዣብብ ነበር" አለና የአንድ ሊስትሮ ልጅ ኮሌታ ያዘ። ልጁ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ሌላው "አዎ፣ እነሱ ናቸው" አለ፤ ሦስተኛው በጥፊ መታው። ሳጥኑ ተገለበጠ፤ ቀለሙና ብሩሹ መሬት ላይ ተበተነ። ከሳጥኑ ውስጥ ካሜራ አልወጣም። ይህ ግን የያዙትን ሰዎች አላሳመናቸውም፤ "ለጓደኛው አቀብሎታል" ተባለ። በመጨረሻ ያስጣለችው ከመንገዱ ማዶ በቆሎ የምትጠብስ ሴት ናት። ልጁ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ እሷ አጠገብ ተቀምጦ የአንድ ሰውዬ ጫማ ሲጠርግ እንደነበር፣ ሰውዬው ከፍሎ ሲሄድም እንዳየች ተናገረች። ሕዝቡ አንድ በአንድ ተበተነ። ይቅርታ የጠየቀው የለም።

ያኔ ነው ሌባ ሻይ የታወሰኝ።

ሌባ ሻይ በሰሜኑ አገርና በሸዋ ለረጅም ዘመን የሠራ፣ ሹም ያለው፣ መንግሥት የሚያውቀው የሌባ መፈለጊያ ዘዴ ነበር። ንብረት የጠፋበት ሰው ሲያመለክት ሹሙ አንድ ትንሽ ልጅ ይዞ ይመጣል። ልጁ መድኃኒት ጠጥቶ ራሱን ይስታል። ወገቡ ላይ መቀነት ይታሰርና ጫፉን ሹሙ ወይም አሽከሩ ይይዛል። ከዚያ ልጁ ከተሰረቀበት ቤት ተነሥቶ እየተንገዳገደ መንደሩን ይዞራል፤ ከቤት ቤት ይገባል፣ ይወጣል፣ ይሮጣል። በስተመጨረሻ ከአንዱ ቤት ገብቶ ሲወድቅ የዚያ ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፤ የጠፋውን ንብረት ይከፍላል፣ ለሹሙም ድርሻ ይሰጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን የጎበኙ አውሮፓውያን ይህንን በመገረም ጽፈውታል።

ዘዴው ለምን ያን ያህል ዕድሜ አገኘ? አንደኛ፣ ይፈራ ነበር። ሌባው ልጁ ወደ ቤቱ ከመድረሱ በፊት ዕቃውን ሌሊት አምጥቶ የሚጥልበት ጊዜ እንደነበር አያጠራጥርም። ሁለተኛ፣ ማንም ሰው በስሙ ከሳሽ መሆን አይጠበቅበትም፤ የጠቆመው መድኃኒቱ ነው፣ ቂም የሚያዝበት ጎረቤት የለም። ጉዳቱ ደግሞ ከዚሁ ይነሣል። መቀነት የያዘ እጅ መቀነቱን ወደፈለገበት ይስባል። ጉቦ የበላ ሹም፣ ጠላት ያለው ሹም፣ ወይም መክፈል የሚችለውን ሰው ቤት የሚያውቅ ሹም ልጁን የት እንደሚጥለው ራሱ ይወስናል። የተፈረደበት ሰው ደግሞ የሚጠይቀው ምስክር የለውም። ራሱን በሳተ ሕፃን ላይ መስቀለኛ ጥያቄ አይቀርብም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት መንግሥት የከለከለውም ለዚህ ነው።

ከሌባ ሻይ ይልቅ ዕድሜው የረዘመው አፈርሳታ ነው፤ አውጫጭኝም ይባላል። ከብት ሲነዳ፣ ጎተራ ሲሰበር ወይም ሰው ሲገደል የአካባቢው ሰው በሙሉ በአንድ ሜዳ እንዲሰበሰብ ይታዘዛል። የቀረ ይቀጣል። እያንዳንዱ እንዳላደረገ፣ ያደረገውንም እንዳላየ ይምላል። ያየ ሰው በአደባባይ መናገር ቢፈራ ለሽማግሌዎች በስውር ይጠቁማል፤ ጠቋሚውም "ወፍ" ተብሎ ስሙ ይሸሸጋል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ካልወጣ አገሬው አዋጥቶ ይከፍላል። ይህ በእርሻ ወቅት ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ ገበሬ ያውቀዋል፤ በአንድ በሬ ስርቆት የመንደር ማሳ ሳይታረስ ይቀራል። ቢሆንም ከሌባ ሻይ በአንድ ነገር ይሻላል፦ የሚፈልገው ዕውቀትን ነው። ያየ ሰው አለ፣ ያ ሰው ይናገር ነው የሚለው።

የእኛ የወለጋ ኦሮሞ ከሁለቱም የተለየ መንገድ ነበረው። ሌባ የተባለ ሰው በጃርሳ ቢያ፣ ማለትም በአገር ሽማግሌዎች ፊት ይቀርባል። ማስረጃ ከታጣ ካኩ ይገባል፤ በዋቃ (በፈጣሪ) እና በምድር ፊት በራሱና በዘሩ ላይ ይምላል። በሐሰት የማለ ሰው ቅጣት የሚመጣው ከዳኛ አይደለም፤ በልጁ ሞት፣ በማሳው ድርቅ፣ በከብቱ ማለቅ ይመጣል ተብሎ ይታመናል። ልጅ ሆኜ ሰው ሊምል ሲል ሽማግሌዎቹ "ተው፣ ቆይ፣ አስብ" እያሉ ሲለምኑት አይቻለሁ። ብዙውን ጊዜ እውነቱ የሚወጣው በዚያች ልመና መካከል ነው። መሐላው ግን ለሚፈራው ሰው ብቻ ነው የሚሠራው፤ በከተማ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ በማይታወቅበት ገበያ፣ የሚፈራው ጥቂት ነው።

ስለ ሌባ ሲወራ እኔ ሁልጊዜ የማነሣው ሌላ ጥያቄ አለ። ለበቅሎና ለአሞሌ ጨው ይህን ሁሉ የፈለገ አገር፣ ለተሰረቀ ልጅ ምን አደረገ? ያን ቀን ከሰዓት ልናየው የነበረው የኦኔሲሞስ ነሲብ ታሪክ መልሱን ይነግረናል። በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ተወልዶ በልጅነቱ ታፍኖ ተወሰደ፤ ከእጅ ወደ እጅ ብዙ ጊዜ ተሸጠ፤ በመጨረሻ ምጽዋ ላይ ቨርነር ሙንዚንገር ነፃ አወጣው። እሱን ፍለጋ ሌባ ሻይ አልወጣም፤ አፈርሳታም አልተቀመጠም። የባሪያ ንግድ ግብር የሚከፈልበት ሥራ ነበርና የገበያው ሰው ሁሉ ያያል፣ ማንም ሌባ አይልም። ያ የተሰረቀ ልጅ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ፤ በ1891 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። እንደ እሱ በባርነት የተያዘችው አስቴር ጋኖ በቋንቋ ሥራው አብራው ደከመች። በ1896 ዓ.ም. ኦኔሲሞስ ነቀምቴ ገብቶ ማስተማር ጀመረ። ባሪያ ነፃ የሚያወጣው የራስ ተፈሪ አዋጅ የወጣው ከዚያ 20 ዓመት ቆይቶ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው። ሌባ የሚባለው ማን እንደሆነ የሚወስነው ብዙ ጊዜ የተሰረቀው ዕቃ አይደለም፤ የተከሳሹ አቅም ነው።

ሕጉ ከዚህ ሁሉ ርቆ ሄዷል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ምርመራን የፖሊስ ሥራ አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ መሆኑ እስኪረጋገጥ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር ይደነግጋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ስርቆትን በአንቀጽ 665፣ ከባድ ስርቆትን በአንቀጽ 669 ያስቀምጣል፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ደግሞ በአዋቂ ቅጣት እንዳይቀጡ ለይቷቸዋል። እኛም ያን ቀን ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ቃላችንን ሰጠን። መርማሪው የጠየቀን ቀላል ጥያቄ ነበር፦ "ያየ ሰው አለ?" አልነበረም። ካሜራው አልተገኘም፤ ሌባውም እስከ ዛሬ አልታወቀም። ስፖኪዮውን በኪሴ ገዝቼ ለወዳጄ አስገጠምኩለት፤ እሱም አዲስ አበባ እንደሚደረገው የታርጋ ቁጥሩን መስታወቱ ላይ አስቀረጸበት። ወደ ቦናያ ሳንወርድ መሸ።

መንገድ ዳር ያየሁት ፍርድ ግን ከአንቀጾቹ ሁሉ የቀደመ ነው። ልጅ ነው፣ ድሃ ነው፣ ጠያቂ የለውም፤ ስለዚህ ጣቱ ወደ እሱ ተዘረጋ። መቀነቱን የያዘው ሹም የለም፤ መቀነቱ ግን አለ፣ ሁላችንም ተጋርተን ይዘነዋል። በቆሎ ጠባሿ ደግሞ አፈርሳታ ሲፈልገው የኖረውን ነገር ያለ ማንም አስገዳጅነት ሠራች፦ ያየችውን ተናገረች።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ መኪናህ ተሰብሮ ቢጠብቅህ ከመጮህህ በፊት ያየ ሰው ፈልግ፣ የተሰበረውን ሳትነካ ለፖሊስ አሳይ፣ የጠፋውን በዝርዝር ጻፍ። በአካባቢው ከነበርክና ካየህ ደግሞ ዝም አትበል። ካላየህ ግን ጣትህን ሰብስብ፤ የሊስትሮ ልጅ ኮሌታ ማስረጃ አይደለም።