ማዕረግ በሰው ልቡና ውስጥ

ታላቁ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1722 ባወጣው የማዕረግ ሰንጠረዥ የሩሲያን መንግሥት አገልጋዮች በ14 ደረጃዎች ከፋፈላቸው። ሰንጠረዡ በ1917 አብዮት እስኪሻር ድረስ ወደ ሁለት ምዕተ ዓመት ጸንቶ ኖረ። በሰው ልቡና ላይ ያደረሰውን ጉዳት አጥርተው ከመዘገቡት አንዱ ደግሞ የአገሪቱ አጭር ልብ ወለድ ነው።

ኒኮላይ ጎጎል በፒተርስበርግ በበታች ጸሐፊነት ያገለገለ በመሆኑ ይህን ዓለም ከውስጥ ያውቀው ነበር። በ1842 ባሳተመው «ካፖርቱ» ውስጥ፣ አካኪ አካኪየቪች የተባለው ድኃ ገልባጭ የተዘረፈ ካፖርቱን እንዲያስመልስለት ከአንድ ትልቅ ሹም ደጅ ይቆማል። ሹሙ ሥራ አልያዘም፤ ከቀድሞ ወዳጁ ጋር ይጫወታል። ሆኖም በደጁ ምን ያህል እንደሚጠና ለወዳጁ ለማሳየት ሲል ባለጉዳዩን ያቆየዋል። በኋላ የሚጮህበትንም ድምፅ ሹመቱን ከመቀበሉ በፊት በመስታወት ፊት ተለማምዶታል። ጎጎል ይህን ሰው በተፈጥሮው ክፉ አላደረገውም፤ ልቡን ያዞረው ማዕረጉ ነው። እንዲህ ያለው ሥልጣን ትያትር ነው፤ የሚንቀጠቀጥለት ተመልካች ካላገኘ ይፈርሳል።

አያቱ ገባር የነበሩት አንቶን ቼኾቭ ደግሞ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዞረ። በ1883 በጻፈው «የጸሐፊው ሞት» ውስጥ፣ አንድ ጸሐፊ ትያትር ቤት ሳለ ሳያስበው በአንድ ጄኔራል ራስ ላይ ያስነጥሳል። ጄኔራሉ ይቅር ይለዋል፤ ጸሐፊው ግን ይቅርታውን ማመን አቅቶት ደጋግሞ ይማለዳል። በመጨረሻ ጄኔራሉ ተቆጥቶ ሲያባርረው ቤቱ ገብቶ፣ የደንብ ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ይሞታል።

የቼኾቭን አስተሳሰብ ይበልጥ የሚገልጠው «ወፍራሙና ቀጭኑ» ነው። ሁለት አብሮ አደጎች በባቡር ጣቢያ ተገናኝተው ይሳሳማሉ። ወፍራሙ ከፍተኛ ማዕረግ እንዳለው ሲነግረው ቀጭኑ ይገረጣል፤ ይኮማተራል፤ ጓደኛውን «ክቡርነትዎ» ማለት ይጀምራል። በ1883 በወጣው የመጀመሪያ ቅጂ ወፍራሙ የቀጭኑ አለቃ ነበር። ቼኾቭ በ1886 ታሪኩን ሲያሻሽል ይህን የአለቃና የምንዝር ግንኙነት ሰረዘው። ከዚያ ወዲህ ቀጭኑን የሚያስገድደው ማንም የለም፤ በገዛ ፈቃዱ ይጎብጣል። ወፍራሙ ራሱ በዚህ ተጸይፎ ፊቱን ያዞራል።

ሰንጠረዡን ለመሻር አንድ አዋጅ በቅቷል። በመስታወት ፊት ቁጣ የሚለማመደው ሹምና ሳይታዘዝ የሚጎብጠው ቀጭን ሰው ግን በአዋጅ አይሻሩም። እነዚህ ታሪኮች ዛሬም የሚነበቡት፣ ወንበር የያዘም ደጅ የሚጠናም አንባቢ ራሱን ስለሚያገኝባቸው ነው።