የጎታርድ ዋሻና የስምንት ዓመቱ ውል

በአልፕስ ተራሮች ሥር ስለ ተፈለፈለው የጎታርድ ዋሻ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የመሐንዲሶቹን ጥበብ ያደንቃሉ። በስዊስ አገር ከጎሸነን እስከ አይሮሎ 15 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ይህ ዋሻ ከሁለት ወገን ተቆፍሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በየካቲት 1880 ሲገናኝ፣ ወደ ጎን የተሳተው 33 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። በቫሰን መንደር ሐዲዱ በተራራው ውስጥ እየተጠመዘዘ ስለሚወጣ መንገደኛው አንዲቱን ቤተ ክርስቲያን ሦስት ጊዜ ያያታል፤ መጀመሪያ ሽቅብ፣ ኋላ ፊት ለፊት፣ በመጨረሻም ቁልቁል። ይህን ሁሉ አንክድም። ነገር ግን የሥራውን ታሪክ ከመሐንዲሱ ንድፍ ይልቅ የተቋራጩ ውል ያስረዳል ብለን እናምናለን።

በ1872 ውሉን የተቀበለው የጄኔቩ ሉዊ ፋቭር ዋሻውን በ8 ዓመት ሊፈጽም 8 ሚሊዮን ፍራንክ መያዣ አስያዘ። ቀነ ቀጠሮው ቢያልፍ በየቀኑ 5,000 ፍራንክ መቀጮ ይከፍላል፤ ቢያስቀድም ያንኑ ያህል ይሸለማል። እንግዲህ አንዲት ሰዓት ምን ያህል ውድ እንደ ነበረች መገመት አያዳግትም። መሰርሰሪያዎቹን የሚያንቀሳቅሰው በወንዝ ኃይል የታመቀ አየር ነበር፤ ሠራተኛውም የሚተነፍሰው ከመሰርሰሪያው የወጣውን ነው። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነበር፤ የድማሚቱም ጢስ ቶሎ አይጠራም። በዚያ ጭቃ ውስጥ ደም የሚመጥ የአንጀት ትል ተዛምቶ ብዙዎችን አመነመነ።

ከሠራተኞቹ የሚበዙት ኢጣልያውያን ድኾች ነበሩ። በሐምሌ 1875 በጎሸነን በኩል ያሉት በጢሱና በደመወዙ አማረው ሥራ ቢያቆሙ፣ የኡሪ ግዛት ታጣቂዎች ተኩሰው 4 ሰዎች ገደሉ። ከፌዴራሉ መንግሥት መርማሪ ተላከ፤ ቁፋሮው ግን ወዲያው ቀጠለ።

ጥፋቱን ሁሉ በፋቭር ላይ መጫን ቀላል ነው። እኛ ግን ውሉን ያዘጋጀውን የባቡር ኩባንያም መርሳት አይገባም እንላለን። ፋቭር ራሱ በ1879 በ53 ዓመቱ እዚያው ዋሻ ውስጥ ሞተ፤ ግድግዳው ሲበሳ በቀዳዳው መጀመሪያ ያለፈው ፎቶግራፉ ነበር። ቀጠሮው አልተጠበቀም፤ መስመሩ በሙሉ የተከፈተው በ1882 ነው፤ ድርጅቱም ከሰረ። በአደጋ የሞቱት ወደ 200 ይጠጋሉ፤ ታመው ወደ መንደራቸው የተመለሱት ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም። ቪንቼንዞ ቬላ ለሟቾቹ መታሰቢያ የሚሆን ቅርጽ ያበጀው በዚያው ዘመን ሲሆን፣ በነሐስ ተሠርቶ በአይሮሎ ጣቢያ አጠገብ የቆመው በ1932 ነው።